የፊቴ ነገር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ የመጀመሪያው ላቦራቶሪ። ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ከውጭ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ። ክፍሉ ጎማና አልኮል ይሸታል። አንድ የሩጫ ማሽን፣ ሁለት የማይሄዱ ብስክሌቶች፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ የትንፋሽ ጭምብሎች... ደስ ሲል!

ፕሮፌሰሯ ገና ከመግባታቸው "እዚህ ክፍል ራሱ ሳይለካ ሌላ ሰው የሚለካ የለም" አሉ። ሁላችንም ተራ በተራ ብስክሌቱ ላይ ልንወጣ ነው። መጀመሪያ የወጣው ቀጭኔ። (በስሙ የሚጠራው የለም፤ ቁመቱ ስም አወጣለት።) ደረቱ ላይ የልብ ምት ቀበቶ አሰርንለት፣ ፊቱ ላይ ጭምብል ገጠምንለት። ከዚያ በኋላ መናገር የለም። ሰሌዳው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሰሌዳ ያዥ እኔ ሆንኩ። ትልቅ ካርቶን ነው፣ ከስድስት እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈበት። ጋላቢው ምን ያህል እንደደከመው በጣቱ ያሳያል። ስድስት ማለት ምንም አልደከመኝም። አሥራ ሦስት፣ ትንሽ ከበድ አለኝ። አሥራ ሰባት፣ በጣም ከባድ። ሃያ... አውርዱኝ!

"ለምን ከስድስት ጀመረ?" ብዬ ጠየቅኩ። ከአንድ መጀመር ምን ነበረበት?

"በአሥር አባዢው" አሉኝ።

ስልሳ። ቁጭ ያለ ሰው የልብ ምት! ሃያው ደግሞ ሁለት መቶ፣ በወጣት ልብ የመጨረሻው። በግምት ነው አሉ፣ ቢሆንም... ሰው "ይሄን ያህል ደከመኝ" ሲል ልቡ ከውስጥ "እውነቱን ነው" ይላል። እንዴት አያምርም?

ሰሌዳውን ወረቀት ላይ ገልብጬ ቤት ይዤ ገባሁ። እማዬ ልብስ እያጠበች "አሥራ አንድ" አለች። እኔ ሦስቱን ፎቅ ወጥቼ አሥራ ሁለት። አባዬ ከአልጋው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስንት?

"አሥራ ሰባት።"

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የኔም ሳቅ እዛው ቀረ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

አባዬ ቁርሱን አልጋ ላይ በላ። ዳቦ እያኘከ "አሥራ አምስት" አለ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አጎቴ መጣ። ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር...

አባዬ ልቡን ታሞ ሆስፒታል የገባው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ሐኪሙ ሲያስወጣው ምን አለ? "የልብህ ደም ሥር ተከፍቷል፣ መድኃኒትህን ዋጥ፣ በየቀኑ በእግርህ ሂድ።" ሂድ ነው ያለው! እሱ ግን ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ። የሚሠራበት የራሱ ፀጉር ቤት እኮ እዚሁ ሕንፃ ሥር ነው። ደረጃውን መውረድ ብቻ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን አልወረደም። ቁልፉም አጎቴ ጋ ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ለሱቁ ሰው አግኝቻለሁ" አለ አጎቴ። "ስልክ መሸጫ ሊያደርገው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገረኝ።"

አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ "ስጠው" አለ።

"ኧረ አስብበት።"

"አሰብኩ። ደረጃውን ማን ይወጣልኛል?"

እማዬ ከኋላው ቆማ ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ ነው ለማለት። እዛ ሱቅ ውስጥ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ደብተሬ ላይ የሰው ፀጉር እያራገፍኩ ነው ሒሳብ የሠራሁት። አባዬ ሥራ ላይ ሲሆን እኮ ሌላ ሰው ነው... ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ቶንዶሱን እንደ ማይክሮፎን ይዞ ይዘፍናል። ስልክ መሸጫ? እምቢ! ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ቀጭኔን ገደልነው።

የሚተነፍሰውን አየር ለካን፣ ሒሳቡን ሠራን፣ ኦክስጅን የሚጠቀመው ከተኛ ሰው በታች ሆኖ ተገኘ። ብስክሌት እየነዳ! ሦስት ጊዜ ደመርን፣ ያው ነው። ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። "በውጤታችሁ መሠረት ይህ ልጅ ሞቷል" አሉ። "ለቤተሰቡ ማን ይንገር?"

ጭምብሉን አላጠበቅነውም ኖሯል። ግማሹ ትንፋሽ በአፍንጫው ጎን ያመልጣል። ሟቹ ብስኩት እየበላ ይስቅብን ነበር። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ይህን ትምህርት ወደድኩት፣ ምን ላድርግ...

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ጉዴ ወጣ።

ቀጭኔ ብስክሌቱ ላይ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ሰሌዳ ይዤ። ፕሮፌሰሯ የብስክሌቱን ፔዳል ክብደት ጨመሩ። ቀጭኔ ጣቱን አሥራ ስድስት ላይ አሳረፈ። "እሺ፣ እረፍ" አሉት። ካረፈ በኋላ ያንኑ ክብደት ደገሙለት። አሁን ግን እኔን ከመጋረጃ ኋላ ሰደዱኝ፣ ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ቀጭኔ ስንት ቢል ጥሩ ነው? አሥራ ሁለት! ያው ክብደት፣ ያው ቀጭኔ፣ የልቡም ምት ያው።

ለካ በስልካቸው ሲቀርጹኝ ነበር። ለክፍሉ በሙሉ አሳዩት። ወይ አምላኬ... እሱ ሲገፋ እኔ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ሲያልበው ዓይኔ ይፈጣል። ጣቱን አሥራ አራት ላይ ሲያደርግ "እኔን ይድፋኝ" በሚል ዓይነት ራሴን እነቀንቃለሁ። እሱም እኔን እያየ ጣቱን ከፍ፣ ከፍ... ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፣ እስከ ጆሮዬ ቀልቼ።

"እኔ ምን ላድርግ?" አለ ቀጭኔ። "እሷን ሳይ የምሞት መሰለኝ!"

ፕሮፌሰሯም አልማሩኝም። "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ለአንቺ ብቅሉም አያስፈልግሽም።" ከዚያ ግን ቀስ ብለው፣ "ፊትሽ ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ መሣሪያ ግን አይደለም። ሰው ድካሙን ከራሱ እግርና ከራሱ ትንፋሽ ነው ማንበብ ያለበት፣ ካንቺ ግንባር አይደለም።"

በወሩ መጨረሻ የተግባር ፈተና አለ። አንዱ የሚፈተነው በደም ግፊት፣ አንዱ በትንፋሽ። እኔ በሰሌዳ መያዝ። በፊቴ ልፈተን ነው! ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ነገር ደብቆ የማያውቅ ፊት...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው። ትልቅ ነገር ነው መሰለኝ።

የፊቴን ነገር ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። "ነይ ወዲህ" አለና የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት አስቀመጠኝ። ማበጠሪያ አመጣ፣ ከኋላዬ ቆመ።

"ፀጉር ቆራጭ ሲሳሳት መጀመሪያ ምን ያደርጋል?"

"ይቅርታ ይጠይቃል?"

"ኧረ ባክሽ! ይቅርታው ይደርሳል። መጀመሪያ በፊቱ አያስነቃም። ደንበኛ መስታወት ውስጥ የሚያየው የራሱን ጭንቅላት ይመስልሻል? ያንቺን ፊት ነው የሚያየው። አንቺ ከደነገጥሽ እሱ በቃ፣ ራሰ በራ ሆኗል። ምላስሽን ከላይኛው ጥርስሽ ኋላ አድርጊ። በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ዓይንሽን ጆሮው ላይ አድርጊ፣ ዓይኑን አትዪው።"

ከዚያ የሙሽራውን ታሪክ ጀመረ። አንድ ልጅ በሠርጉ ጠዋት መጥቶ ነበር አሉ። አባዬ ቶንዶሱ አመለጠውና ከጆሮው በላይ መንገድ ከፈተበት። "ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ፊቴ ግን? ምንም! 'ይሄ አሁን የመጣ ፋሽን ነው' አልኩትና በወዲያኛውም ጎን ደገምኩለት።" ሚዜዎቹ ሙሽራውን ባዩት ጊዜ ሁሉም "እንደሱ አድርገን" ብለው ተሰለፉ። ታሪኩን ሲተርክ ፀጉሬን ያበጥራል፣ ሚዜዎቹን በየተራ እየሆነ ይናገራል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል... እኔም በሳቅ ሞትኩ።

በሩ ተከፈተ። እማዬ፣ የልብስ ቅርጫት ይዛ። ቆሞ አየችው።

"ውይ በሞትኩት! ቆመሃል እንዴ?" ቅርጫቱ ከእጇ ወደቀ።

አባዬ መስታወቱ ውስጥ አያት። ቀለሙ ወዲያው ተለወጠ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አልጋውን ፈልጎ ተቀመጠ። "አሥራ ሰባት" አለ።

እንዴ? አሁን፣ አሁን ምን ሲያደርግ ነበር? በላቦራቶሪ አሥራ ሰባት ያለ ሰው ጭምብሉ ቢወልቅለት እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም፤ በየቃሉ መሃል ይተነፍሳል። እሱ ቆሞ አንድ ሙሉ ሠርግ ጨረሰ! ትንፋሹ ንቅንቅ ሳይል። የደከመው እማዬን ሲያይ ነው።

መጋረጃው። ቀጭኔ። የኔ ከንፈር... ስንቴ ነው እሱ ሲነሳ እኔና እማዬ ከኋላው እጃችንን ዘርግተን፣ ሊወድቅ እንዳለ ብርጭቆ የጠበቅነው? እኛ ነን? እኛ ነን እንዴ ያደከምነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ከክፍል በኋላ ለፕሮፌሰሯ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም።

"የሚወስደው መድኃኒት የልቡን ምት እንዳይፈጥን ይይዘዋል" አሉኝ። "ስለዚህ በአሥር ማባዛት ለሱ አይሠራም። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከምቱ ይልቅ የራሱን ቃል ነው የምንሰማው። ቃሉን ከሰው ፊት የሚዋሰው ከሆነ ግን..." እጃቸውን ዘረጉ።

በወሩ መጨረሻ ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ ጋር ሆኖ የልብ ሕሙማንን ብስክሌት ላይ ይፈትሻል፤ ሐኪምም አለ። "አምጪው" አሉኝ። የአባዬ ሐኪም ጋ ደወልኩ። "እኔ እኮ ካስወጣሁት ቀን ጀምሮ ሂድ እያልኩት ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። ጩኸቱ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ለእማዬ ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት...

"አባትሽን ያሳመምኩት እኔ ነኝ?"

"እማዬ፣ አሳመምሽው አላልኩም..."

"ፊትሽ ነው ያልሽኝ! ስንት ዘመን ያየውን ፊት! እንዲህ ያለ ነገር ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው?" አለቀሰች። አቀፍኳት። "እኔም እንዳንቺው ነኝ" አልኳት፣ "ከማን ወረስኩት ታዲያ?" እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

መስታወት ፊት ቁጭ ብለን ተለማመድን። ምላስ ከጥርስ ኋላ። ዓይን ጆሮ ላይ። እሷ ፊቷን ለማጥፋት ስትሞክር ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጠች ትመስላለች፣ እኔ እስቃለሁ፣ እሷም ትስቃለች። አልሆነም።

በመጨረሻ ተነሳች። "እንግዲያው አላየውም!" ወጥ ቤት ገባች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። "ይሂድ። ባለቅስም ሽንኩርቱ ነው።"

አባዬ ኮሪደሩን ሄዶ ተመለሰ። እኔ ጆሮውን እያየሁ። ስንት?

"አሥራ አራት" አለ፣ ራሱ እንደገረመው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሽንኩርት በሾርባ። ሽንኩርት በእንቁላል። ሽንኩርት በዳቦ።

አባዬ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ወርዶ ወጣ። "አሥራ ሦስት። ሽታው ባይኖር አሥራ ሁለት።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ዛሬ ራሴ ተለካሁ። የሩጫ ማሽን፣ እስከ ሃያ። ጭምብሉ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት፣ አውሎ ነፋስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ሰሌዳ የያዘችውን ልጅ አየኋት... ፊቷን ለመንኩት! አንድ ነገር በይኝ፣ አይዞሽ በይኝ፣ በቃሽ በይኝ። አባዬ ምን እንደሚሰማው ዛሬ ገባኝ። የደከመው ሰው ሁሉንም ነገር ከሰው ፊት ይፈልጋል።

ቤት ስገባ አባዬ መስኮቱ ጋ ነው። ከታች አንድ ሰውዬ የሱቁን በር በሜትር ይለካል። ስልክ ሻጩ። አጎቴ አጠገቡ ቆሞ ሜትሩን ይይዝለታል። አባዬ አየ፣ አየ...

እማዬ ከወጥ ቤት፣ "አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችው።

"እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ሱቄ ስልክ ይሸጣል" አላት። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ያ ብስክሌት መቼ ነው ያልሽኝ?"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ከየት ልጀምር?

በታክሲ ሄድን። እማዬም መጣች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሽንኩርት ይዛ። እየቀለድኩ አይደለም። ፕሮፌሰሯ ሽንኩርቱን አይተው ከመጋረጃው ኋላ ወንበር ሰጧት።

ሐኪሙ አባዬ ደረት ላይ ገመዶቹን ለጣጠፈ፤ ለሱ ጭምብል የለም። ቀጭኔ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ አሰረ። ፕሮፌሰሯ ሰሌዳውን አንስተው ለኔ ሰጡኝ።

"ፈተናሽ ይሄ ነው።"

"አባቴ እኮ ነው!"

"ስለሆነ ነዋ።"

መንዳት ጀመረ። ስንት ላይ ነህ? ዘጠኝ። ይቀልዳል ደግሞ፤ ቀጭኔን "አንተን ለመቁረጥ መሰላል ያስፈልጋል" ይለዋል። ምላሴ ከጥርሴ ኋላ። ዓይኔ ጆሮው ላይ። ክብደት ተጨመረ። አሥራ አንድ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። የኔ ልብ ስንት እንደመታ እግዜር ይወቀው... ለኔስ ማን ሰሌዳ ይያዝልኝ?

እንደገና ተጨመረ። ቀልዱ ቆመ። ትንፋሹ ፈጠነ። ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ስንት ወር ሙሉ እንደዛ ነው ያየን፣ "ልሞት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ። አይዞህ ልለው ፈለግኩ። ሮጬ ላቅፈው ፈለግኩ። ምንም አላደረግኩም። ፊቴ ላይ ምንም የለም። ምንም።

ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። ዓይኑን ዝቅ አደረገ። እግሩን አየ። እግሩ ይዞራል። የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ ጣቱን አነሳ። አሥራ ሰባት አጠገብ ደረሰ፣ ተወው፣ ወረደ... አሥራ ሦስት።

ሐኪሙ የልቡን መስመር እያየ "በጣም ጥሩ ነው፣ ይቀጥል" አለ።

ቀጠለ! አሥራ አምስት ላይ ሲደርስ ሐኪሙ "ይበቃል" አለው። "እንዴ፣ አሁን ገና መሞቄ ነው!" አለ አባዬ። ከመጋረጃው ኋላ እማዬ "አለቀ? ልውጣ?" ትላለች። ሐኪሙ ግማሽ ቀን ሥራ ፈቀደለት። ደረጃውንም ቀስ እያልክ ውጣ አለው።

"አለፍሽ" አሉኝ ፕሮፌሰሯ። ያኔ ፊቴን ለቀቅኩት። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም፣ ሁሉም ባንዴ መጣ። ቀጭኔ "ይሄኔ ቢቀርጹሽ ነበር" አለኝ።

ታክሲ ውስጥ አባዬ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "ፊትሽ ላይ ምንም ባጣ ጊዜ እግሬን ጠየቅኩት።"

"ምን አለህ?"

"'ሥራ ላይ ነኝ፣ አትረብሸኝ' አለኝ።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

አጎቴ ቁርጡን ሊሰማ መጣ። ቤቱ ውስጥ አባዬን አጣው። ታች ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ እጁን ዘርግቶ። "ቁልፌን" አለው። አጎቴ አቀፈው። ስልክ ሻጩን ሌላ ሱቅ ይፈልግለታል፤ እሱ መች ሰው ያጣል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከላቦራቶሪ ስመለስ ሱቁ ሞልቷል። ወንበሩ ላይ ቀጭኔ ተቀምጧል፣ ቁጭ ብሎም ከአባዬ እኩል ነው። ሁለት ሰዎች ጋዜጣ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አባዬ አንድ ታሪክ መሃል ላይ ነው፣ መቀሱን አየር ላይ ይዞ። ግማሽ ቀኑ አልፏል። ማንም ሰዓት አላየም።

እማዬ ከላይ ወረደች። በሩ ላይ ቆመች። ወለሉን አየች። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘውን ሻይ አየች።

"አንተ ሰውዬ! ግማሽ ቀን አልተባልክም? ይሄ ሁሉ ፀጉር ምንድነው? ማን ሊጠርግልህ ነው? ደግሞ ይሄን ረግጠህ ትናንት ባጠብኩት ምንጣፍ ላይ ልትመጣ ነው? ሻዩስ? ለጌጥ ነው ያመጣሁልህ? እኔ እኮ በአንተ የተነሳ ጨርቄን ጥዬ መሄዴ ነው!"

ሰዎቹ ጋዜጣቸው ውስጥ ገቡ። ቀጭኔ አንገቱን ሊቀብር ሞከረ፣ የት ይቅበረው።

እኔ አባዬን አየሁት። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እማዬ አንድ ቀን ተቆጥታው አታውቅም። ቀስ በል የኔ ጌታ... ልደግፍህ የኔ ጌታ... ድምፅዋን እንኳ ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ ወራት ሙሉ። እሱም ዞር ብሎ አያት፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ። ፊቱ እንዴት እንደበራ ለመጻፍ ቃል የለኝም።

"ሰማችሁ?" አለ ለደንበኞቹ። "ድኛለሁ ማለት ነው።"